በሳሙና የታጠበው የፍየል ፀጉር

ቦንቱን መጀመሪያ ያየኋት ታክሲ ውስጥ ነው፣ ከሸጎሌ ወደ ቀጨኔ ስንመለስ። ገና እንዳየኋት አልወደድኳትም። ምክንያት አልነበረኝም፤ ምክንያቱ በኋላ ነው የመጣው። ይሄን ከመጀመሪያው መናገር ይሻለኛል፣ ምክንያቱም የምነግራችሁ ነገር ትምህርት አለው፣ እኔ ግን ትምህርቱን ያገኘሁት በጥሩነት ሳይሆን በቅናት ነው።

ሐምሌ ገብቷል። የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ጨርሼ ቤት ቁጭ ብያለሁ። አያቴ አባባ ዓምሃ ሸጎሌ ለቅሶ ሊደርሱ ሲነሱ እናቴ "ሮሐ፣ አብረሽ ሂጂ፣ መንገዱ ያንሸራትታል" አለችኝ፣ ሄድኩ። የለቅሶው ድንኳን ላስቲክ ነው። በቀዳዳው ዝናብ ይገባል፤ ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ የሰዉ ትንፋሽ ጣሪያው ላይ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል። አባባ የጋቢያቸው ትከሻ ርሶ ነው የተመለሱት።

ታክሲው ውስጥ ከፊታችን አንዲት ሴት ትልቅ ማዳበሪያ ጉልበቷ ላይ አቅፋ ተቀምጣለች። ሃያ ሰባት፣ ሃያ ስምንት ቢሆናት ነው። ማዳበሪያው ይሸታል።

"ኧረ መስኮት ክፈቱ! ምንድነው የሞተው?" አሉ አንዲት እናት ከኋላ።

"የሞተ የለም እናቴ፣ ይቅርታ፣ የፍየል ፀጉር ነው" አለች ሴትየዋ።

"ምን ሊሆንሽ? ልታስቀጥዪው ነው?"

ታክሲው በሙሉ ሳቀ። እሷም ሳቀች። "እፈትለዋለሁ። ፈትዬ ደግሞ ድንኳን እሸምንበታለሁ።"

እዚህ ላይ አባባ ከእንቅልፋቸው እንደነቃ ሰው ቀጥ አሉ። አባባ ሸማኔ ናቸው። ወንዶች ልጆቻቸው ሁሉ ሹፌር ሆነዋል፤ ሰፈራችን ውስጥ እስካሁን የሽመና ጉድጓድ ውስጥ የሚቀመጡት እሳቸው ብቻ ናቸው ማለት ይቻላል። በዚያ ላይ የእድራችን ድንኳን የሚቀመጠው እኛ ቤት ነው፤ የድንኳን ኃላፊው እሳቸው ናቸው፣ ሃያ ዓመት ሙሉ።

"ምን አልሽ የኔ ልጅ? ማን ነው የሚሸምነው?"

"እኔ ነኛ አባቴ።"

"ሴት ልጅ?"

"ሴት ልጅ።"

"ከፍየል?"

"ከፍየል። የኛ አገር ፍየል ፀጉሩ አጭር ስለሆነ የበግም እቀላቅልበታለሁ።" ከዚያ ትከሻቸውን አየችው። "ያረጠበዎት ዝናቡ ነው ወይስ ድንኳኑ?"

"ድንኳኑ" አሉ አባባ፣ ቅር እያላቸው።

"የኔ ቢሆን አያረጥብዎትም ነበር።"

በቃ። ከዚያ በኋላ እስክንወርድ ድረስ እኔ የለሁም። ስንወርድም አልቀረችም፤ ቤቷ ለካ ከኛ በላይ ነው። ዝናቡ መጣ፣ ጥላውን ዘረጋሁ፣ አባባን አስጠለልኳቸው፣ እኔ በአንድ ጎኔ እየረጠብኩ ዳገቱን ወጣሁ። እሳቸው ግን ፊታቸውን ወደሷ አዙረው ነው የሚሄዱት። ጥላ የያዝኩላቸው እኔ፣ የሚያወሩት ከሷ ጋር!

እንደነገረችን አራት ዓመት ዮርዳኖስ ሠርታለች፣ በረሃ ጫፍ ላይ ያለ መንደር። የተቀጠረችው አንዲት አሮጊት እንድትጠብቅ ነበር። ቤተሰቡ በሲሚንቶ የተሠራ ባለ ፎቅ ቤት አለው፤ አሮጊቷ ግን ግቢ ውስጥ ከፍየል ፀጉር የተሠራ ጥቁር ድንኳን ተክለው ቀኑን ሙሉ እዛ ናቸው። "እንግዳ ሲመጣም የሚገባው ድንኳኑ ውስጥ ነው፤ ሳሎኑ ከነማቀዝቀዣው ባዶውን ይቀመጣል" አለች። አሮጊቷ እየሸመኑ እሷ እያቀበለች፣ በኋላ እሷ እየሸመነች አሮጊቷ እየተቆጡ፣ እንደዛ ነው የተማረችው።

በራችን ጋ ስንደርስ ቆመች፣ ወደ ውስጥ አየት አደረገች፣ ዓይኗ ተንከራተተ። ግቢያችን ጠባብ ነው ግን ረጅምና ሜዳ ነው። ቀጨኔን የሚያውቅ ያውቀዋል፣ እዚህ ሜዳ ማግኘት ቀላል አይደለም።

"አባባ" አለች፣ ከመቼው አባባ እንዳለቻቸው! "አንድ ነገር ልለምንዎት። ለአንድ ድንኳን ሰባት ቁራጭ ጨርቅ ያስፈልገኛል፣ እያንዳንዱ ዘጠኝ ሜትር። አምስቱን ሠርቻለሁ። ድሩ የሚወጠረው መሬት ላይ ነው፣ እኔ ያለሁበት ቤት ደግሞ ሁሉ ቁልቁለት ነው። አምስቱን መንገድ ዳር እየወጠርኩ ነው የሠራሁት፣ አሁን በክረምት ጎርፍ ስለሚወርድበት ያ አይሆንም። ሁለቱን እዚህ ግቢዎ ውስጥ ልሥራ?"

እምቢ ይላሉ ብዬ እየጠበቅኩ ነው። አባባ ማንንም እምቢ ማለት ይወዳሉ።

"ድንኳኑን ለማን ልትሸጪው ነው?" አሉ።

"ለእድር። የመጀመሪያው ከተሸጠ ሌሎቹ እድሮች አይተው ያዛሉ። ካልተሸጠ..." ማዳበሪያዋን ከትከሻ ወደ ትከሻ አዞረች። "ካልተሸጠ መስከረም ላይ ተመልሼ እሄዳለሁ። ፓስፖርቴን አሳድሻለሁ። ልጅ አለችኝ፣ ሊሚ። ስሄድ አንድ ዓመቷ ነበር፣ ስመለስ አምስት። አምና ኤርፖርት እናቴ 'እናትሽ ናት፣ ሳሚያት' ስትላት 'እንደምን አሉ እትዬ' አለችኝ። አሁን ገና እማ ማለት ጀምራለች።"

"የወሩ የመጨረሻ እሁድ የእድሩ ስብሰባ እዚሁ ግቢ ነው" አሉ አባባ። "ዝናብ እንደሆነ አይጠፋም። ድንኳንሽን ትተክያለሽ፣ ከሥሩ እንቀመጣለን። አንዲት ጠብታ ከወረደች፣ አንዲት ነው ያልኩሽ፣ የፍየል ነገር በዚህ እድር ውስጥ ሁለተኛ አይነሳም። ካልወረደች እኔው ራሴ ተነስቼ እድሩ ይግዛው እላለሁ።"

"እሺ።"

"እሺ አትበዪ! እኔ የፈቀድኩልሽ እንድትሸነፊ ነው።"

"እሺ አባባ" አለች እየሳቀች። እሳቸውም ሳቁ። አያቴ ሲስቁ ጥርሳቸው እንደሚታይ የረሳሁት ነገር ነበር።

በነጋታው መጣች። በየቀኑ መጣች። ድሩን መሬት ላይ ከግድግዳ እስከ በር ወጠረችው፤ መሬት ቁጭ ብላ፣ እግሯን አጥፋ፣ ማጉን እያስገባች በእንጨት እየመታች ትጠጋለች። አባባ ጉድጓዳቸው ውስጥ ሆነው ነጭ ነጠላ ይሸምናሉ፣ እሷ ከበራቸው ፊት ጥቁሩን ትሸምናለች። አንዱ የሌላውን ምት ይሰማል። በመሃል ክርክር ነው።

አሁን ቅናቴን ተረዱልኝ። አባባ እኔን ሲያናግሩኝ "ውሃ"፣ "በሩን"፣ "ስልኩን አጥፊው" ነው። ጠዋት ሲነሱ መጀመሪያ የሚጠይቁት "ቦንቱ መጣች?" ሆነ። ለሷ ዱካ አወጡላት፤ መሬት እንደምትቀመጥ እያወቁ! እሷ ስትሳሳት ከጉድጓዱ ወጥተው፣ በርከክ ብለው፣ ጣታቸውን ድሩ ላይ አድርገው ያስረዳሉ። እኔ ስምንት ዓመቴ ላይ እሳቸው ቤተክርስቲያን ሲሄዱ ጠብቄ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቼ ነበር። እግሬ መርገጫው ጋ አልደረሰም፣ ግን መወርወሪያውን በእጄ ይዤ አንድ ጊዜ ላክሁት፣ አንድ ጊዜ መለስኩት። ተመልሰው አገኙኝ። በክንዴ አንስተው አወጡኝና "ሴት እዚህ አትገባም፣ ድሩ ይበጣጠሳል" አሉኝ። ሁለተኛ አልገባሁም። ለማንም አልተናገርኩም። ግን የዛን መወርወሪያ ክብደት እጄ እስካሁን ያውቀዋል።

እና ይቺ ከታክሲ የወረደች ሴት መጥታ ፊት ለፊታቸው ትሸምን?

አንድ ቀን እንዲህ ተባባሉ።

"ቦንቱ፣ አንድ ነገር ንገሪኝ። እኛ ከስንት መከራ በኋላ ሠለጠንን ብለን ሸራና ላስቲክ ገዛን። አንቺ ተምረሽ፣ ባሕር ተሻግረሽ መጥተሽ ወደ በረሃ ትመልሺናለሽ? ወጣቱ አዲስ ነገር ሲያመጣ ነበር የማውቀው።"

"አባባ፣ ላስቲኩ ስንት ክረምት ቆየልዎት?"

"ሁለት። ሁለተኛው ላይ ተቀደደ።"

"ሲቀደድ ምን አደረጉት?"

"ምን ይደረጋል፣ ጣልነው፣ ሌላ ገዛን።"

"የኔ ሰባት ቁራጭ ነው። በየዓመቱ አንድ አዲስ ይሸመናል፣ ያረጀው ተፈቶ ይወጣል፣ አዲሱ ይሰፋል። በሰባት ዓመት ድንኳኑ ሌላ ሆኗል፣ ግን አንድም ቀን ድንኳን አጥታችሁ አታውቁም። ልክ እንደ እድሩ። አባል ይሞታል፣ አባል ይገባል፣ እድሩ አይዘጋም።"

አባባ መወርወሪያቸውን አቆሙ። ይሄ እንደገባቸው ፊታቸው ላይ አየሁት። እንዲህ አድርጎ ማስረዳት እኔ ለምን አልችልም ብዬ በሸቅኩ።

"ጥቁር ነው" አሉ ግን፣ እጅ አይሰጡም። "ሐዘንተኛን ማቅ ሥር ልታስቀምጪው ነው?"

"ከውጭ ጥቁር ነው። ውስጥ ሲገቡ ፀሐይ በሽመናው ቀዳዳ ስትገባ ኮከብ ነው የሚመስለው። በቀዳዳው ንፋስ ይገባል፣ ትንፋሽ ይወጣል። እንደ ላስቲኩ ሰው አይታፈንበትም፣ ሴቶች ራሳቸውን አይስቱበትም። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ክሩ ያብጥና ቀዳዳው ይዘጋል፤ የፀጉሩ ቅባት ውሃውን ያንሸራትተዋል። እዛ አገር አሁን ጣሪያውን የፋብሪካ ክር የሚያደርጉ አሉ፣ ውስጡ ቴሌቪዥን የሚሰቅሉ አሉ፣ ለቱሪስት ሆቴል ያደረጉት አሉ። እኔም እንዳለ አላመጣሁትም፤ የእድሩን የብረት ቋሚ ነው የምጠቀመው፣ ጎንና ጎኑ የድሮው ሸራችሁ ይሁን። ጣሪያውን ብቻ ነው የምለውጥላችሁ።"

"ፍየል ነዋ! ፍየል እኮ በፍርድ ቀን በግራ የሚቆም ነው።"

ቦንቱ ምቷን ሳታቋርጥ "እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው አባባ፣ ሙሴ በምድረ በዳ ያቆማት ድንኳን በምን ነበር የተከደነችው?" አለች።

አባባ በነጋታው መድኃኔዓለም ስመው ሲመለሱ በቀጥታ ወደሷ ሄዱ።

"የነፍስ አባቴን ጠየቅኳቸው" አሉ፣ በጣም ተናደው። "በፍየል ፀጉር ነው አሉኝ።"

"አይ እንግዲህ..."

"ዝም በዪ፣ እሱን ትቼልሻለሁ። ሌላ አለኝ።"

እኔ በረንዳ ላይ ምስር እየለቀምኩ ነበር። ለሷ ጥያቄ ብለው ቄስ ጠየቁ! እኔ ዓመት ሙሉ የምጠይቃቸውን ጥያቄ፣ "አባባ፣ ለምን ነው ሴት የማትሸምነው?" የሚለውን፣ አንድ ቀን እንኳ ለማንም ይዘውልኝ ሄደው አያውቁም።

"ሌላ አለኝ" ያሉት ደግሞ ይኸው የኔ ጥያቄ ሆኖ አረፈ።

"እኛ ዘንድ ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል። እናቴ ፈተለች፣ ነፍሷን ይማረውና ሚስቴ ፈተለች። ጉድጓዱን የረገጠች የለችም።"

"ለምን አባባ?"

"ድሮም እንዲህ ነው።"

"እዛ ደግሞ ድሮም የምትሸምነው ሴት ናት። ቤቱን ሸምና፣ ቤቱን ተክላ፣ ቤቱን ነቅላ የምትጭነው እሷ ናት። ወንድ ድሩን ቢነካ ይስቁበታል። አሁን ሁለቱ 'ድሮ' ቢጣሉ የትኛው ያሸንፋል?"

"የኔው ነዋ!"

"ለምን?"

"የኔ ስለሆነ!" አሉና ራሳቸው በመልሳቸው ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅኩም። ምስሩን ይዤ ወደ ውስጥ ገባሁ።

አሁን የሠራሁትን ልናገር።

ለሰባተኛው ቁራጭ የሚሆን አንድ ማዳበሪያ ፀጉር ቀርቶ ነበር። ቦንቱ ሊሚን መዋዕለ ሕፃናት ልታስመዘግብ ስለምትሄድ "ሮሐዬ፣ ይሄን እጠቢልኝ። በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ፣ አቧራው እንዲለቅ ያህል። ሳሙና እንዳታስነኪው፣ እሺ?" አለችኝ። ለምን እንደሆነ እኮ ሰምቻለሁ፣ ስለ ቅባቱ ስትናገር በረንዳ ላይ ነበርኩ።

እኛ ቤት ግን የጥጥ ቤት ነው። የነጭ ቤት። ጠረን ያለው ነገር፣ እጅ ላይ የሚለጠፍ ነገር እኛ ዘንድ ቆሻሻ ነው። አባባም ስለ ፀጉሩ ጠረን ቀን በቀን ያጉረመርማሉ። እና ውሃ አፈላሁ። የዱቄት ሳሙና ጨመርኩ። አንዴ አጠብኩት፣ ውሃው ጠቆረ፤ ደገምኩት። እውነቱን ልናገር፣ ሁለት ሐሳብ ነበረኝ። አንዱ አባባ "ጎበዝ" እንዲሉኝ ነው። ሌላው... ማለቴ፣ ቢበላሽም ይበላሽ። ትሂድ። ሁለቱም ሐሳብ አንድ ባልዲ ውስጥ ነበር።

አባባ መጡ፣ አንድ እፍኝ አነሱ፣ አሸተቱት። "እንዲህ ነው እንጂ!" አሉ ጮክ ብለው። "ንፁህ ማለት ይሄ ነው። የኔ ልጅ ያጠበችው! ጎበዝ!"

እግሬ መሬት አልነካም በሉት።

ቦንቱ ስትመለስ ፀጉሩን በጣቷ አሻሸችው። "በውሃ ብቻ ነው?"

"አዎ።"

ዓይን ዓይኔን አየችኝ። አመነችኝ። ከሁሉም የከፋው እሱ ነው፣ ማመኗ። "ደረቅ ብሏል፣ የበጉ በዝቶበት ይሆናል" ብላ እንዝርቷን አነሳች። ክሩ እየተበጠሰ ሲያስቸግራት ሦስት ቀን ሙሉ አየሁ፣ ዝም አልኩ።

እሁድ ደረሰ። ድንኳኑ ተተከለ። ልዋሽ አልችልም፣ ያምራል። ሃያ ምናምን ሰው ከሥሩ ተቀመጠ። የእድሩ ሰብሳቢ ጋሽ ወልዱ፣ ጡረታ የወጡ የታሪክ አስተማሪ፣ መዝገባቸውን ከፈቱ። ቦንቱ ጥግ ላይ ሊሚን ታቅፋ ቆማለች። ሊሚ ጣሪያው ላይ የሚታዩትን የብርሃን ነጥቦች በጣቷ ትቆጥራለች፤ ሃያ ስትደርስ እንደገና ከአንድ።

ከእንጦጦ በኩል ጠቆረና ወረደ። የሐምሌ ዝናብ ነው፣ ልክ የለውም። የብርሃን ነጥቦቹ አንድ በአንድ ጠፉ። ሰዉ ወሬውን አቁሞ ቀና አለ። ሰማነው እንጂ አልነካንም። አንድ ደቂቃ፣ አምስት፣ አሥር። ጋሽ ወልዱ "የጉድ ነው እኮ!" አሉ።

ከዚያ ጠብ።

አባባ ግንባር ላይ። ቀጥሎ መዝገቡ ላይ። ቀጥሎ እንደ ቧንቧ ሆነ፣ በአንድ መስመር፣ ከዳር እስከ ዳር። ሰዉ ወንበሩን እየጎተተ ተነሳ።

"በሉ እንግዲህ" አሉ ጋሽ ወልዱ መዝገባቸውን በኮታቸው እየጠረጉ። "አቶ ዓምሃ፣ አንዲት ጠብታ ነበር ያሉት አይደል? ነገሩ አልቋል። እህቴ፣ ስለ ድካምሽ እናመሰግናለን።"

ሊሚ ቦንቱን "እማ፣ ውሃው ገባ" አለቻት። "አዎ የኔ ሆድ፣ ገባ" አለቻትና ፊቷን ወደ ልጅቷ አንገት ደበቀችው።

እዚህ ላይ ድል አድርጌያለሁ ማለት ነው። የፈለግኩት ሆኗል። መስከረም ላይ ትሄዳለች፣ አባባ የኔ ይሆናሉ። ግን ሊሚ "እማ" ስትል ሰማኋት። በሚቀጥለው ጊዜ ስትመለስ ደግሞ ምን ብላ ትጠራት ይሆን አልኩ፤ እና አፌ ብቻውን ተከፈተ።

"ያበላሸሁት እኔ ነኝ።"

ሁሉም ዞረ።

"ሰባተኛውን ፀጉር እኔ ነኝ ያጠብኩት። በፈላ ውሃ፣ በሳሙና፣ ሁለት ጊዜ። እሷ እንዳታስነኪው ብላኝ ነበር። 'በውሃ ብቻ' ብዬ ዋሸኋት። ሌሎቹን እዩዋቸው፣ አያፈሱም፣ ያቺ ብቻ ናት።"

አባባ አልተቆጡም። ተነሱ፣ እጃቸውን ወደ ጣሪያው ዘርግተው ስድስተኛውን ቁራጭ ዳበሱት፣ ጣታቸውን አሻሹ። ቀጥሎ የሚያፈሰውን ዳበሱ። ሸማኔ ናቸው፤ ሌላ ማስረጃ አላስፈለጋቸውም።

"ያኛው እጅ ላይ ቅባት ይተዋል። ይሄ እንደ ጥጥ ደረቅ ነው" አሉ ቀስ ብለው። "'ንፁህ ማለት ይሄ ነው' ያልኩት እኔ ነኝ።" ከዚያ ወደኔ ዞሩ። "ለምን ዋሸሽ?"

"ስለቀናሁ።"

"በምን ትቀኛለሽ? የልጅ ልጄ ነሽ!"

"አባባ፣ እርስዎ ከሷ ጋር ይከራከራሉ!" እንባዬ መጣ፣ ግን አላቆምኩም። "እኔን ያዙኛል እንጂ ተከራክረውኝ አያውቁም። እሷ ለምን ስትል ቄስ ጠየቁላት። እኔ ለምን ስል 'ዝም በዪ' ነው። ስምንት ዓመቴ ላይ ከጉድጓዱ በክንዴ አወጡኝ፤ ሴት ከገባች ድሩ ይበጣጠሳል አሉኝ። ይኸው ቦንቱ አንድ ወር ሙሉ በርዎ ላይ ሸመነች፣ የማን ድር ተበጠሰ?"

"የሷ ሌላ ነው፣ እሷ መሬት ላይ ነው..."

"ጉድጓድ ውስጥ ሲሆን ምን ይለያል?"

"ጉድጓዱ የአባቴ ነው!"

"አባትዎ የማን አያት ናቸው? የእናቴ አይደሉም እንዴ? ከርስዎ በኋላስ ማን ይገባበታል? ወንዶች ልጆችዎ ሁሉ ሹፌር ናቸው። የዝናብ ውሃ እንዲሞላው ነው?"

ጋሽ ወልዱ መነጽራቸውን አወለቁ። አባባን በሰው ፊት እንዲህ የተናገርኩበት ቀን የለም፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አባባ ግን እያዩኝ ነበር፣ ቦንቱን በሚያዩበት ዓይን፣ መልስ በሚፈልጉበት ዓይን።

"ይሄን" አሉ በመጨረሻ፣ "ራሴን መጠየቅ ነበረብኝ።"

ከዚያ ወደ ሰዉ ዞሩ። "ጋሽ ወልዱ፣ ጠብታዋን ያልኩት እኔ ነኝ፣ የማነሳትም እኔ ነኝ። እስቲ በስድስቱ ሥር ሂዱና አንዲት ጠብታ ፈልጉ።"

ሰዉ ተነስቶ ፈለገ። እውነቴን ነው፣ ትልልቅ ሰዎች አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ መዳፋቸውን ዘርግተው፣ በጥቁሩ ጣሪያ ሥር እየዞሩ ጠብታ ፈለጉ። አላገኙም።

"አሁን ስሙኝ" አሉ አባባ። "እኔ ሃያ ዓመት የዚህ እድር ድንኳን ጠባቂ ነኝ። ስንት ላስቲክ ጣልኩ? ስንት ሐዘንተኛ ከሥሩ ራሷን ስታ በክንዳችን አወጣን? ዛሬ እዚህ ተቀምጠን የታፈነ አለ? የኛ ትንፋሽ የተንጠባጠበበት አለ? ላስቲኩ አንድ ቦታ ሲቀደድ ሙሉው ይጣላል። ይሄ አንድ ቦታ ተበላሽቷል፤ ምን እናደርጋለን? አንዷን ፈትተን እናወጣታለን፣ ስድስቱ ይቆማሉ። ፀጉሩ ሸጎሌ ገበያ ሰው ረግጦት የሚያልፈው ነው። የምትሠራው የሰፈራችን ልጅ ናት፣ ሲያስፈልገን በእግራችን ሄደን እንጠራታለን። እኔ ደግሞ ንጽሕናን ከነጭነት ጋር አንድ አድርጌ ስቼ ነበር። ለጥጥ የሚሆነው ለፀጉር አይሆንም። በዚህ ዕድሜዬ ተማርኩት፣ አላፍርበትም። እድሩ ይግዛው።"

ጋሽ ወልዱ "የሚቃወም?" አሉ። አንድም እጅ አልወጣም። ቦንቱ ሊሚን ከእቅፏ አውርዳ ተቀመጠች።

በኋላ ሰዉ ሲበተን ወደ ቦንቱ ሄድኩ። "ይቅርታ" አልኳት።

"ክሩ ሲበጠስ ጠርጥሬ ነበር" አለች። "ጠርጥሬም ዝም አልኩ፣ ምክንያቱም እኔም ቀንቼብሽ ነበር።"

"በኔ? በምኔ?"

"አያትሽ 'የኔ ልጅ ያጠበችው' ሲሉ በራፍ ላይ ሆኜ ሰምቻለሁ። እኔን እንዲህ የሚለኝ አባት የለኝም። ብናገር ቅናቴ እንዳይታወቅብኝ ፈራሁ።"

አስቡት እስቲ! ሁለታችንም በአንድ ሽማግሌ ስንቀና ሰባተኛው ጨርቅ መሃላችን ላይ ተበላሸ። ቅናት አፍ ቢኖረው ኖሮ መጀመሪያውኑ "እኔም እፈልጋለሁ" ይል ነበር፤ አፍ ስለሌለው የሌላውን ያበላሻል። እናንተም እንደኔ የምትቀኑ ካላችሁ፣ ባልዲው ጋ ከመሄዳችሁ በፊት የምትፈልጉትን ተናገሩ። አያት ያላችሁ ደግሞ ለምን ብላችሁ ጠይቁ፣ ቢቆጡም። አያት የሆናችሁም "ድሮም እንዲህ ነው" ከማለታችሁ በፊት የማን ድሮ እንደሆነ አስቡ።

አሁን ነሐሴ ነው። ሁለት ሌሎች እድሮች አዘዋል። ቦንቱ ፓስፖርቷን ሣጥን ውስጥ አስቀምጣዋለች፣ ሊሚ መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ትገባለች። ሰባተኛውን ቁራጭ ፈትቼ ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ስፌት በስፌት፤ በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ አዲስ ፀጉር ያጠብኩትም እኔ።

ትናንት ደግሞ አባባ ከጉድጓዱ ወጡና በጋቢያቸው ጫፍ መቀመጫውን ጠረጉት። "ነይ ግቢ" አሉኝ።

ገባሁ። አሁን እግሬ መርገጫው ጋ ይደርሳል። መወርወሪያውን ሰጡኝ፤ ክብደቱ ያው ነው፣ እጄ አልረሳውም። ላክሁት፣ መለስኩት፣ ላክሁት።

"ተሳስተሻል" አሉ። "ጠበቅ አድርጊው።"

"አባባ፣ አሁን ከጠበቀ ጠርዙ ይሰበሰባል።"

"አይሰበሰብም።"

"ይሰበሰባል!"

ጎንበስ አሉ፣ ጣታቸውን ድሩ ላይ አደረጉ። "እሺ፣ እንዴት እንደሆነ አስረጂኝ" አሉ።

ቦንቱ ከግቢው ሆና ሥራዋን አቁማ ታየናለች። ትንሽ የቀናች መሰለኝ። ግን ደግሜ አላየኋትም፤ አያቴን እያስረዳሁ ነበር።